የግብር መዝገብ መጠቅለያ የሆነው የስብከት መጽሐፍ

በመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ቤት ከተደረደሩት ፋይሎች አንዱን ስታወጡ የምትፈልጉት በውስጡ ያለውን ጽሑፍ እንጂ ሽፋኑን አይደለም። ሽፋኑ ቍጥሩንና አርእስቱን ካሳያችሁ ሥራውን ፈጽሟል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስበው ሰው የለም። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ ግን የሽፋን ታሪክ ነው። በስዊድን፣ በፊንላንድና በኖርዌይ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቈየ የግብር ሒሳብ ተጠብቆ ይገኛል። ብዙው ሒሳብ የተጠቀለለው በብራና ነበር፤ ያ ብራና ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ዘመን የኖረ፣ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅጠል ነው። በአንዱ ላይ የቅዳሴ ጸሎት፣ በአንዱ ላይ ዜማ፣ በሌላው ላይ ደግሞ አንድ መምህር ለሕዝብ የተናገረው ስብከት ይነበባል። በውስጥ ለመንግሥት የገባው እህል፣ ቅቤና ቆዳ ይቈጠራል፤ በውጭ የቅዱሳን አባቶች ቃል ያስተምራል።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ሊደርስ ቻለ? መጽሐፉን የበተነው ማን ነው? የተበተነውስ ቅጠል ለዛሬው ሰው ምን ይጠቅማል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በተራ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስብከት በመጀመሪያ የአፍ ቃል ነው። በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ከተማ ጳጳስ የነበረውና በ430 የሞተው አውግስጢኖስ ሕዝቡን ሲያስተምር ብዙውን ጊዜ ከተጻፈ ነገር ላይ አያነብም ነበር። እርሱ ሲናገር ፈጣን ጸሐፊዎች በአጭር የጽሕፈት ምልክት ቃሉን እየተከተሉ ይይዙ ነበር፤ ኋላም በሙሉ ፊደል ይገለብጡታል። ከአንደበት የወጣው ቃል በዚህ መንገድ ወደ ብራና ገባ፤ ከብራናም ወደ ብራና እየተቀዳ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ገዳማት ተሠራጨ።

በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የፍራንኮች ንጉሥ ሻርልማኝ በግዛቱ ውስጥ በሌሊት ጸሎት የሚነበቡት ድርሳናት በስሕተት የተመሉ መሆናቸውን ተመለከተ። ስለዚህ ጳውሎስ ዲያቆን የተባለውን የሞንቴ ካሲኖ ገዳም መነኵሴ ከቀደሙት አባቶች ቃል እየመረጠ አንድ የታረመ ስብስብ እንዲያዘጋጅ አዘዘው። ጳውሎስም ለዓመቱ በዓላትና እሑዶች ከ240 የሚበልጥ ድርሳን ሰብስቦ በሁለት ክፍል አቀረበ። በስብስቡ ውስጥ የታላቁ ጎርጎርዮስና የእንግሊዛዊው መነኵሴ የቤዳ ቃል ይገኛል፤ እኛም በድርሳኑ የምናውቀው ዮሐንስ አፈወርቅ ከግሪክ ወደ ላቲን ተተርጕሞ በመካከላቸው ተቀምጧል። ይህ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት እየተባዛ በምዕራብ አውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ተነበበ።

በ13ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሌላ ዓይነት የስብከት መጽሐፍ ተነሣ። በ1215 በሮም በላተራን የተደረገው ጉባኤ ጳጳሳት በቃልና በሥራ ብርቱ የሆኑ ሰባክያንን እንዲሾሙ አዘዘ። በተከታዩ ዓመት የዶሚኒካውያን ማኅበር ከጳጳሱ ፈቃድ አገኘ፤ የፍራንቸስኮስ ልጆችም በየከተማው ይሰብኩ ጀመር። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩ ስለ ነበሩ ከአትሮንስ የማይነሣ ትልቅ መጽሐፍ አይጠቅማቸውም፤ በከረጢት የሚያዝ፣ ጽሕፈቱ የደቀቀ፣ ቃሉ በምሕጻር የተሞላ ትንሽ መጽሐፍ ያዙ። ስለዚህ በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ሁለት ዓይነት የስብከት መጽሐፍ ነበረ ማለት ይቻላል፤ አንዱ በገዳምና በካቴድራል የሚነበበው ታላቅ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ሰባኪው ይዞት የሚዞረው ታናሽ መጽሐፍ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ለምንናገረው ነገር ቍልፍ ይሆናልና።

ብራና ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቆዳው ይነከራል፣ ጠጕሩ ይነሣል፣ በአውታር ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ተሰምሮ ለጸሐፊ ይሰጣል። በአውሮፓም ሥራው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ታላቅ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በጎችና ጥጆች ቆዳ ይፈጃል። ብራናውም ጠንካራ ነው፤ ቢታጠፍ አይሰበርም፣ ቢጐተት በቀላሉ አይቀደድም። እንግዲህ በላዩ ያለው ጽሑፍ ዋጋ ቢያጣ እንኳ ቆዳው ዋጋ አያጣም። የምንናገረው ታሪክ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ቃሉ ለአንድ ዘመን የተጻፈ ሲሆን ቆዳው ለብዙ ዘመን ይበቃል።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ስብከት ሁልጊዜ የተበደለ ወገን ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የሮማው ተናጋሪና የመንግሥት ሰው ሲሴሮ ስለ መንግሥት አስተዳደር ስድስት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ከመጨረሻው ክፍል ተለይቶ ከተጠበቀ አንድ ትረካና ሌሎች ደራስያን ከጠቀሱት ቍርጥራጭ ቃል በቀር መጽሐፉ ጠፍቶ ኖረ። በ1819 አንጀሎ ማይ የተባለው የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ፣ በሰሜን ኢጣልያ ከሚገኘው ከቦቢዮ ገዳም የመጣ አንድ ብራና ሲመረምር ከላይኛው ጽሕፈት በታች የደበዘዘ ሌላ ጽሕፈት አየ። የላይኛው በ7ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ፣ አውግስጢኖስ በመዝሙረ ዳዊት ላይ የሰጠው ትርጓሜ ነበር፤ የዚህ ትርጓሜ ብዙ ክፍል ደግሞ ለሕዝብ የተሰበከ ስብከት ነው። የታችኛው የሲሴሮ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። መነኮሳቱ የሲሴሮን ቃል ፍቀው የአውግስጢኖስን ቃል ጽፈውበታል። ማይ ያገኘውን በ1822 አሳተመ። እንግዲህ በአንድ ዘመን ስብከቱ የሌላውን ቦታ ወሰደ፤ በሌላ ዘመን ደግሞ የእርሱ ተራ ደረሰ።

ያ ተራ የደረሰው በተለይ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። አንደኛው ምክንያት ማተሚያ ነው። ጉተንበርግ በ1450ዎቹ ዓመታት በማይንስ ከተማ መጽሐፍ ቅዱስን ካተመ ወዲህ የስብከት መጻሕፍትም በብዛት እየታተሙ ወጡ። የታተመው ርካሽና ለንባብ የቀለለ ሲሆን አሮጌው የእጅ ጽሑፍ ከመደርደሪያ እየወረደ ወደ ደጓሹ ሱቅ ሄደ። ሁለተኛው ምክንያት የሃይማኖት ለውጥ ነው። ከ1517 በኋላ የሉተር ትምህርት በተቀበለው አገር ሁሉ የላቲኑ ሥርዐት ቀስ በቀስ ቀረ። በካቶሊካውያን አገርም ቢሆን የትሬንት ጉባኤ ካለቀ በኋላ በ1568 አዲስ የሰዓታት መጽሐፍ፣ በ1570 አዲስ የቅዳሴ መጽሐፍ ስለ ወጣ ብዙ አሮጌ መጻሕፍት ከአገልግሎት ተወገዱ። ስለዚህ መጽሐፉን የበተነው የአንድ ወገን ጥላቻ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ትክክል አይሆንም። ከጥላቻው ይልቅ «ይህ ከእንግዲህ ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ተራ ጥያቄ ብዙ መጻሕፍት አጥፍቷል።

አሁን ወደ ስዊድን እንመለስ። ጉስታቭ ቫሳ በ1523 ነገሠ። የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ባዶ፣ ዕዳውም ብዙ ነበር። በ1527 በቬስቴሮስ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ሀብት በንጉሡ ሥልጣን ሥር እንዲውል ተወሰነ። አዲስ ኪዳን በ1526፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1541 በስዊድን ቋንቋ ታተመ። የላቲኑ መጽሐፍ አንባቢ እያጣ ሄደ።

በዚያው ዘመን ንጉሡ አስተዳደሩን በጽሑፍ አጸና። ፊንላንድም ያን ጊዜ የስዊድን ክፍል ነበረች። በየአውራጃው፣ እኛ ምስለኔ እንደምንለው ያለ፣ ግብር የሚሰበስብ ሹም ተቀመጠ፤ ያ ሹም የገባውንና የወጣውን እየጻፈ በየዓመቱ ስቶክሆልም ለሚገኘው የሒሳብ መሥሪያ ቤት እንዲያቀርብ ታዘዘ። ሒሳቡ የሚጻፈው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ግን በመንገድ ይረጥባል፣ ጠርዙም ይቀደዳል። ጸሐፊው ጠንካራ መሸፈኛ አስፈለገው። መሸፈኛው ደግሞ በቅርብ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ፣ ማንም የማያነበው ትልቅ የብራና መጽሐፍ። ከመጽሐፉ አንድ ጥንድ ቅጠል ያወጣል፣ በወረቀቱ ጥራዝ ላይ ያጥፈዋል፣ በጠፍር ይሰፋዋል። ከዚያ በቅዱሱ ቃል ላይ ወይም ክፍት በሆነው ኅዳግ ላይ የአውራጃውን ስም፣ ዓመቱንና የሒሳቡን ዓይነት ይጽፋል። ይህ ልማድ ከ1530ዎቹና ከ1540ዎቹ ጀምሮ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቈየ።

ውጤቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ዛሬ በስቶክሆልም የመንግሥት ቤተ መዛግብት ከ22,000 በላይ እንደዚህ ያሉ የብራና ቍራጮች ተመዝግበው ይገኛሉ። በሄልሲንኪ በፊንላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ9,000 በላይ ቅጠሎች አሉ፤ እነዚህም 1,500 ከሚያህሉ ልዩ ልዩ መጻሕፍት የወጡ ናቸው። ኖርዌይም በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ሆና ተመሳሳይ ዕድል ስለ ደረሰባት በኦስሎ 6,000 ያህል ቍራጮች ተጠብቀዋል። በነዚህ አገሮች ከመካከለኛው ዘመን ሙሉ ሆኖ የደረሰው የላቲን መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ሕዝቡ ያን ጊዜ ምን ያነብ፣ ምን ይሰማ እንደ ነበረ የሚመሰክረው በብዛት የግብር መዝገብ ሽፋን ነው።

እዚህ ላይ ቀደም ብለን አስታውሱ ያልነውን እንጥቀስ። ከነዚህ ቅጠሎች ብዙዎቹ የቅዳሴ፣ የሰዓታትና የዜማ መጻሕፍት ቅጠሎች ናቸው፤ ከስብከትም ወገን በሽፋንነት ለመዋል የሚመቸው ትልቁ የድርሳን መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው የመረጠው በይዘት ሳይሆን በመጠን ነበርና። ለሒሳቡ ወረቀት የሚበቃ ሰፊ ቅጠል ያለው መጽሐፍ በሽፋንነት ተረፈ። ሰባኪው በከረጢቱ ይዞት የዞረው ትንሽ መጽሐፍ ግን መዝገብ አይሸፍንም፤ ቢተርፍ እንኳ የሚተርፈው በድጕሰት ውስጥ ለማጠናከሪያ የገባ ቀጭን ቍራጭ ሆኖ ነው። ስለዚህ ሽፋኖቹን ብቻ ቈጥሮ «በዚያ አገር የሚሰበከው ይህ ነበር» የሚል ሰው ይሳሳታል። የተረፈው ሁሉ የነበረው ሁሉ አይደለም፤ የተረፈው ለጸሐፊው የተመቸው ነው። ታሪክን ከመዝገብ የሚያጠና ሰው ሁሉ ይህን መጠንቀቅ አለበት።

ብራናው በሌላም ቦታ በሌላ ሥራ ላይ ውሏል። በእንግሊዝ አገር ከ1536 እስከ 1540 ገዳማት ሲዘጉ ቤተ መጻሕፍታቸው ተበተነ። ጆን ቤል የተባለው ጸሐፊ ራሱ የገዳማት ተቃዋሚ ሲሆን፣ የገዳማቱ መጻሕፍት መቅረዝና ጫማ መወልወያ እንደ ሆኑ፣ ለሸቀጥና ለሳሙና ነጋዴዎችም እንደ ተሸጡ በ1549 በምሬት ጽፏል። የኦክስፎርድ ደጓሾች አሮጌ ቅጠሎችን ከአዲስ መጻሕፍት ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ኒል ኬር የተባለው ሊቅ እነዚህን እየፈለገ መዝግቦ በ1954 አሳተመ። በሰሜን ጀርመን በቪንሃውዘን ገዳም መነኮሳይያቱ ለምስሎቻቸው የሰፉት ትንንሽ ልብስ ውስጡ በተጻፈ ብራና የተደገፈ ሆኖ ተገኝቷል። በአይስላንድ አንድ የጳጳስ አክሊል ቅርጹን እንዲጠብቅ በውስጡ የገባው ብራና ከፈረንሳይ ቋንቋ ወደ ጥንታዊ ኖርዌይኛ የተተረጐመ የፍቅር ታሪክ ነበር። ለባሩድ መጠቅለያም፣ ለኦርጋን ወናፍ መጠገኛም የዋለ አለ። የደረሰን ከጠፋው ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንለፍ። መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው፣ ስም ያልተጻፈበት፣ ከመካከል የተቈረጠ አንድ ቅጠል ምን ይናገራል? ሊቃውንት መጀመሪያ የሚመለከቱት ጽሕፈቱን ነው። የፊደሉ አጣጣል ዘመኑን፣ አንዳንድ ጊዜም አገሩን ያመለክታል። በሁለት ዓምድ ተጽፎ፣ በቀይ ቀለም የእሑዱ ወይም የበዓሉ ስም ተጠቅሶ፣ ከዚያ አጭር የወንጌል ቃልና የአባት ስም ከተከተለ የድርሳን መጽሐፍ መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ የተነበቡት ጥቂት ቃላት ከታወቁት ድርሳናት ጋር ይነጻጸራሉ። ለዚህ ሥራ ዮሐን ባፕቲስት ሽናየር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ትልቅ መሣሪያ ትቷል፤ ከ1150 እስከ 1350 ድረስ የተጻፉትን የላቲን ስብከቶች በመነሻ ቃላቸው የሚያሳይና ከ1969 ጀምሮ በ11 ጥራዝ የወጣ ማውጫ ነው።

ከገበታ ጋር ተለጥፎ የኖረ ቅጠል ሲነሣ ደግሞ ቀለሙ በእንጨቱ ላይ ተገልብጦ ታትሞ ይገኛል፤ ይህም በመስተዋት ይነበባል። ማይ በዘመኑ የደበዘዘውን ጽሕፈት ለማየት ብራናውን በኬሚካል ይቀባ ነበር፤ ያ ቅባት ኋላ ብራናውን ጐድቶታል። ዛሬ ግን ቅጠሉ ሳይነካ በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት ፎቶግራፍ ይነሣል። በሆላንድ አገር በላይደን በ2016 እንደ ታወቀው፣ በድጕሰት ውስጥ የተደበቀውን ቍራጭ ድጕሰቱን ሳይፈቱ በኤክስ ሬይ ማንበብ ተችሏል።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አይደለም። የጠፋ ስብከት በዘመናችንም ይገኛልና። ፍራንሷ ዶልቦ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1990 በማይንስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ15ኛው መቶ ዓመት በተጻፈ ብራና 26 የአውግስጢኖስ ስብከቶችን አገኘ። በ2008 ደግሞ በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ስድስት ስብከቶች መገኘታቸው ተነገረ፤ ከነዚህም አራቱ ፈጽሞ ያልታወቁ ነበሩ። እነዚህ የተገኙት በሙሉ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ የታወቀ ነው ብሎ ባለፈው ብራና ውስጥ ይህን ያህል ካለ፣ ማንም ባላነበበው ቍራጭ ላይ የሚገኘው አስቀድሞ አይታወቅም።

የፊንላንድ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ቱርኩ የአገሩ ጥንታዊት የጳጳስ ከተማ ናት፤ ዶሚኒካውያን በ1249 ገዳማቸውን በዚያ መሠረቱ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚያ ነበር። በመስከረም 1827 ከተማዋ ስትቃጠል የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከጥቂት በቀር ዐመድ ሆነ። በክብር በመደርደሪያ ተቀምጠው የነበሩት መጻሕፍት ጠፉ። ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለአገልግሎት አይረቡም ተብለው ተቀድደው የግብር ሒሳብ የለበሱት ቅጠሎች ግን ተረፉ። ሒሳቡ በስቶክሆልም ቈይቶ፣ ፊንላንድ በ1809 ከስዊድን ተለይታ በሩሲያ ሥር ከሆነች በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ሽፋኖቹም አብረው ተመለሱ። ከመቶ ዓመት በኋላ ቶይቮ ሃፓኔን የተባለው የዜማ ሊቅ ከ1922 እስከ 1932 በሦስት ክፍል ማውጫ አወጣላቸው። ያን ብራና የጠበቀው ለስብከቱ የነበረ ፍቅር አልነበረም፤ መንግሥት ለሒሳቡ የነበረው ጥንቃቄ ነው።

ይሁን እንጂ ከጠባቂዎቹም ዘንድ ጥፋት አልታጣም። በፊንላንድና በኖርዌይ ብዙዎቹ ሽፋኖች ከሒሳቡ ላይ ተነሥተው ለብቻ ተቀመጡ። ይህን ያደረጉት ለብራናው ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ቅጠሉ የትኛውን አውራጃ፣ የትኛውን ዓመት ሒሳብ ይሸፍን እንደ ነበረ በጥንቃቄ ካልተጻፈ፣ መጽሐፉ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ መጣ የሚጠቁመው ምልክት ይጠፋል። የአንድ መጽሐፍ ሦስት ቅጠሎች በአንድ አውራጃ ተከታታይ ዓመታት ሒሳብ ላይ ቢገኙ መጽሐፉ በየት እንደ ተበተነ መገመት ይቻላል፤ ቅጠሎቹ ተነሥተው ቢደባለቁ ግን አይቻልም። በስዊድን አብዛኛዎቹ ዛሬም በሒሳባቸው ላይ እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ የ16ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ በስብከቱ ቃል ላይ በድፍረት የጻፈው የአውራጃና የዓመት ስም፣ ያን ጊዜ መጽሐፉን የሚያበላሽ ቢመስልም፣ ዛሬ ከስብከቱ ጋር የሚፎካከር ምስክር ሆኗል።

መበተን የጥንት ሰው ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁም እናሳስባለን። በ20ኛው መቶ ዓመት ኦቶ ኤጌ የተባለ የአሜሪካ መምህር፣ በ1951 እስኪሞት ድረስ፣ የመካከለኛውን ዘመን መጻሕፍት እየፈታ ቅጠል በቅጠል ይሸጥ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ሰው ከጥንቱ ጥበብ አንዳች እንዲይዝ ነው፤ ውጤቱ ግን የአንድ መጽሐፍ ቅጠሎች በልዩ ልዩ ከተማ ተበትነው መቅረታቸው ሆነ። በእኛም አገር ብራና ከጥራዙ ተፈትቶ ቅጠሉ ለጐብኚ የሚሸጥበት ጊዜ መኖሩ የታወቀ ነው። በአንጻሩ የእኛ ደጓሾች ከአሮጌ መጽሐፍ የተረፈውን ቅጠል ለአዲሱ መጽሐፍ መጠበቂያ አድርገው ከገበታው አጠገብ ያስገቡ ነበር፤ ይህ ቅጠል ከውስጡ መጽሐፍ በዕድሜ የሚበልጥ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

የተበተነውን በአካል መልሶ መጠረዝ አይቻልም፤ አንዱ ቅጠል በሄልሲንኪ፣ አንዱ በስቶክሆልም ነውና። በምስል ግን ይቻላል። በስዊስ አገር በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2017 «ፍራግሜንታሪዩም» የተባለ ሥራ ተጀምሮ፣ የልዩ ልዩ አገር ቤተ መጻሕፍት የቍራጮቻቸውን ምስል በኢንተርኔት እያቀረቡ፣ ሊቃውንት የአንድ መጽሐፍ ቅጠሎችን ጐን ለጐን አድርገው እንዲያነቡ ሆኗል። ከ400 ዓመት በፊት በምላጭ የተለያየ ዐረፍተ ነገር፣ መጀመሪያው በአንድ አገር፣ መጨረሻው በሌላ አገር ሆኖ፣ በአንድ ገበታ ላይ ይገናኛል።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል የመዝገብ ሥራ የማያውቅ ጥቂት ነው። በየዓመቱ የሚቀመጠውንና የሚወገደውን የሚለይ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ያ ሰው የስዊድኑ ጸሐፊ ወንድም ነው። የስዊድኑ ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም። የታዘዘውን ሒሳብ ከዝናብ ጠበቀ፤ የጠበቀበት ነገር ከሒሳቡ ይልቅ የሚፈለግበት ቀን እንደሚመጣ ሊያውቅ አይችልም ነበር። እኛም ስለ ዛሬው ወረቀት ከእርሱ የበለጠ አናውቅም። ይሁን እንጂ እርሱ ካደረገው አንዱን ማድረግ እንችላለን፤ በእጃችን የሚያልፈው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ የማን እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ተቀመጠ ስሙንና ዓመቱን በግልጽ መጻፍ ነው። አንድ መዝገብ ሊወገድ ሲታዘዝም ገልጦ ውስጡን ያየ ሰው ገልብጦ ሽፋኑን ደግሞ ይመልከት።